መድኃኒት ወደ አንጎል የሚገባው ግንብ አፍርሶ አይደለም

ሰሞኑን ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ መድኃኒት ከደም ወደ አንጎል እንዴት እንደሚገባ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ አንጎል በግንብ ታጥሯል። ከመድኃኒቶች 98 በመቶው ግንቡን አያልፍም። የሚያልፉት ትንንሽና በስብ የሚሟሙ ሞለኪውሎች ብቻ ናቸው። በሽታ ሲመጣ ግን ግንቡ ስለሚፈርስ መድኃኒቱ በራሱ ጊዜ ይገባል። ያ ካልሆነም በአፍንጫ በኩል የጓሮ በር አለ። ናኖ ቅንጣት (መድኃኒት የሚጫንበት በዓይን የማይታይ ቅንጣት) እና አልትራሳውንድ (የድምፅ ሞገድ) ደግሞ ነገሩን ሊጨርሱት ተቃርበዋል። የመርሳት በሽታው አልዛይመር እስከ ዛሬ ፈውስ ያጣውም በዚሁ ግንብ የተነሳ ነው።

የጸሐፊው ብዕር ይጣፍጣል፤ አይካድም። ከባድ ርእስ አንስቶ ሰውን እስከ መጨረሻው ማስነበብ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ገና ከመነሻው «ግንብ» ብለው ጀመሩና ከዚያ በኋላ የመጣው ስህተት ሁሉ ከዚሁ ተመዘዘ። ግንብ ነው ካላችሁ የሚቀራችሁ ጥያቄ «እንዴት ይፍረስ?» የሚለው ብቻ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው፦ የትኛው መድኃኒት፣ በየትኛው መንገድ፣ ምን ያህል ይገባል? ከገባስ ምን ያህል ይቆያል? እስቲ ነጥብ በነጥብ ልሂድበት። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።

መጀመሪያ ግንቡ ራሱ። ጽሑፉን ያነበበ ሰው አንጎልን ከውጭ የከበበ አንድ ቅርፊት ይመጣበታል። እንዲህ ያለ ነገር የለም። አጥሩ ያለው አንጎል ውስጥ በተሰራጩት ቀጫጭን የደም ስሮች፣ በካፒላሪዎቹ ግድግዳ ላይ ነው። እነዚህ ካፒላሪዎች ተቀጣጥለው ቢለኩ ርዝመታቸው ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በአብዛኛው የሰውነት ክፍል የካፒላሪ ግድግዳ ሴሎች በመካከላቸው ክፍተት አላቸው፤ ብዙ ነገር በዚያ ሾልኮ ይወጣል። አንጎል ውስጥ ግን ሴሎቹ ጎን ለጎን ጥብቅ ብለው ተያይዘዋል። በመካከል መሹለክ የለም። ማለፍ የፈለገ በሴሉ ውስጥ ማለፍ አለበት። ሴሉ ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር ነው። የሚፈልገውን ይስባል፣ ያልፈለገውን መልሶ ይተፋል፣ አንዳንዱንም እዚያው ይሰባብረዋል።

ይህ በአንድ ቀን የታወቀ አይደለም። ፓውል ኤርሊክ በ1885 አካባቢ ቀለም እንስሳት ደም ውስጥ ሲወጋ ሌላው አካል ሁሉ ቀለም ያዘ፤ አንጎል ብቻ እንዳለ ቀረ። ኤርሊክ «አንጎል ይህን ቀለም አይስብም» ብሎ አለፈው። በ1913 ኤድዊን ጎልድማን ነገሩን ገልብጦ ሞከረው። ቀለሙን ወደ ደም ሳይሆን አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን ወደሚያርሰው ፈሳሽ ጨመረው። አሁን ደግሞ አንጎል ተቀባ፣ ሌላው አካል ቀረ። አንጎል ቀለሙን ይስባል ማለት ነው፤ የጎደለው መሻገሪያው ነበር። በ1967 ቶማስ ሪስ እና ሞሪስ ካርኖቭስኪ የአይጥ አንጎል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው ማለፊያው የሚዘጋው በካፒላሪዎቹ ሴሎች መጋጠሚያ ላይ መሆኑን አሳዩ። ከኤርሊክ እስከዚህ 80 ዓመት አልፏል።

ይህ የታሪክ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አጥሩ ካፒላሪው ከሆነ፣ የነርቭ ሴሎች ደግሞ ከካፒላሪ የሚርቁት በአብዛኛው ከፀጉር ውፍረት ባነሰ መጠን ከሆነ፣ ደም ለመድኃኒት ምርጡ መንገድ ነው ማለት ነው። ካፒላሪውን የተሻገረች ሞለኪውል ወዲያው ሥራዋ ቦታ ደርሳለች። በመርፌ አንጎል ውስጥ ቢጨምሩት ግን መድኃኒቱ ከወደቀበት ቦታ ብዙ ሳይርቅ ይቀራል። ጸሐፊው ደምን እንደተዘጋ መንገድ ቆጥረው ጭራሽ ተዉት። እኔ የምለው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ችግሩ እዚያ ነው፣ መፍትሔውም በአብዛኛው እዚያው ነው።

ወደ 98 በመቶዋ እንምጣ። ይህች ቁጥር ዝነኛ ናት። ስለ አንጎል መድኃኒት የሚጻፍ ነገር ያለሷ አይጀመርም። ብዙ ጊዜ የምትጠቀሰው ዊልያም ፓርድሪጅ በ2005 ካሳተሙት ዳሰሳ ነው። ፓርድሪጅ በዘርፉ ትልቅ ስም ያላቸው ሰው ናቸው፤ ጭብጣቸውም ተገቢ ነበር። ግን ከቁጥሯ ጀርባ ያለውን መረጃ ተመልከቱ። ከ7,000 በላይ መድኃኒቶች ከተመዘገቡበት ቋት ውስጥ የአንጎልና የነርቭ ሕመም ለማከም የሚውሉት 5 በመቶ ያህል ናቸው። ለማከም የሚውሉት ነው የተባለው። ለአንጎል ሕመም አይታዘዝም ማለትና አንጎል አይገባም ማለት ለየቅል ናቸው።

ምሳሌ ሞልቷል። ፕሮፕራኖሎል የልብና የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ግን አንጎል ይገባል፤ አንዳንዱን ሰው የሚያቃዠውም ለዚህ ነው። ኤፋቪረንዝ ለኤችአይቪ የሚሰጥ ነው፤ ሲጀምሩት ሌሊቱን ሙሉ በሕልም ሲንከራተቱ የሚያድሩ ብዙ ናቸው። ዲፌንሃይድራሚን ለአለርጂ ተብሎ ይወሰድና ሰውን በቁሙ ያንቀላፋዋል። እነዚህን ወደ አንጎል ግቡ ያላቸው የለም። መድኃኒት የሚሠራ ሰው እንግዲህ ሁለት ሥራ አለበት። አንዱን ማስገባት፣ ሌላውን ማስቀረት። ጽሑፉ ሁለተኛውን ጨርሶ አላነሳም።

በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው። እንደ አንቲቦዲ (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራው፣ ለመድኃኒትነትም የሚዘጋጅ ፕሮቲን) ያሉ ትልልቅ ሞለኪውሎች በጣም በጥቂቱ ነው የሚገቡት። አንጎል ውስጥ የሚገኘው ደም ውስጥ ካለው ከሺህ አንድ ገደማ ነው። ትንሽ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት። «ትንሽና በስብ የሚሟሟ ከሆነ ያልፋል፤ ካልሆነ አያልፍም።» ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ለመታረም ያስቸግራል።

አልኮል፣ ካፌይንና ኒኮቲን በዚህ ሕግ ያልፋሉ፤ እሺ። ሎፐራማይድን ግን ውሰዱ፤ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ክኒን። ሞለኪውሉ ትንሽ ነው። በስብ በደንብ ይሟሟል። በዘር ደግሞ የሞርፊን ወገን ነው። በጸሐፊው ሕግ ከሄድን አንድ ክኒን የዋጠ ሰው ድንዝዝ ማለት ነበረበት። በታዘዘለት መጠን የሚወስድ ሰው ግን አይደነዝዝም። ለምን? የካፒላሪው ሴል በደም በኩል ባለው ፊቱ ላይ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባል ፓምፕ ተክሏል። ሎፐራማይዱ ወደ ሴሉ ገባ ሲል ፓምፑ ይይዘውና ወደ ደሙ መልሶ ይወረውረዋል። ገብቷል፤ ግን አላደረም።

ይህ ፓምፕ አንጎልን እንደሚጠብቅ የታወቀበት መንገድ ራሱ ደስ ይላል። አምስተርዳም ውስጥ አልፍሬድ ሺንከልና ባልደረቦቹ የፓምፑ ዘረ መል የጠፋባቸው አይጦች አራቡ። አይጦቹ ጤነኛ ነበሩ። ምንም የጎደላቸው አይመስልም። አንድ ቀን ግን የአይጦቹ ቤት ተባይ ገባበት። ተባዩን ለማጥፋት አይቨርሜክቲን ተረጨ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሌም የሚደረግ ነገር ነው። ሌሎቹ አይጦች ምንም አልሆኑም። ፓምፕ የሌላቸው አለቁ። ቢመረመር በእነሱ አንጎል ውስጥ ያለው አይቨርሜክቲን ከሌሎቹ ከ80 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ በ1994 ታተመ። ኮሊ የሚባሉት ውሾችም ብዙዎቹ የዚሁ ዘረ መል ጉድለት አለባቸው፤ የእንስሳት ሐኪሞች አይቨርሜክቲን ሲሰጧቸው የሚጠነቀቁት ለዚህ ነው። አይቨርሜክቲን በስብ የሚሟሟ ነገር ነው። ስብ መውደዱ ለመግባት አላበቃውም፤ በጤነኛው እንስሳ ፓምፑ ይመልሰዋል።

አዳዲሶቹ የአለርጂ መድኃኒቶችም በዚሁ ፓምፕ ይጠቀማሉ። ፌክሶፌናዲን እንደ ዲፌንሃይድራሚን የማያስተኛው ፓምፑ ከአንጎል ስለሚያስቀረው ነው። ይኸው ለማስቀረትም ያገለግላል።

ስብ መውደድ ሌላም ጣጣ አለው። በስብ የሚሟሟ መድኃኒት ደም ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። አንጎል ውስጥ ሲገባም ከአንጎሉ ስብ ጋር ይጣበቃል። የተጣበቀ መድኃኒት ሥራ አይሠራም። ሥራ የሚሠራው ነጻ ሆኖ የሚንሳፈፈው ነው። አንጎሉን ፈጭቶ «ይኸው ብዙ መድኃኒት ገብቷል» ማለት የሚያሞኝ ልኬት የሚሆነውም ለዚህ ነው። በስዊድን ኡፕሳላ ማርጋሬታ ሃማርሉንድ-ኡዴናስና ሌሎችም ለዓመታት የተከራከሩት በዚህ ላይ ነበር፦ አንጎል ውስጥ ያለውን ነጻ መድኃኒት ደም ውስጥ ካለው ነጻ መድኃኒት ጋር አነጻጽሩ። ዛሬ በሙያው ያሉ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ቁጥር ይህ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ግን አንድም ቦታ አልተነሳም።

የሕጉን ሌላኛውን ግማሽ ደግሞ ሌቮዶፓ ያፈርሰዋል። ሌቮዶፓ ስብ አይወድም። ውኃ ወዳጅ ነው። ግን ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የፓርኪንሰን ሕሙማን የሚኖሩበት መድኃኒት እሱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አንዷን ክኒን በደንብ ብናያት አጥሩ ምን እንደሆነ ከማንኛውም ሥዕል በላይ ታሳያለች።

እንቅስቃሴን በሚያውከው በፓርኪንሰን ሕመም አንጎል ውስጥ የሚጎድለው ዶፓሚን የተባለ፣ የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል ነው። ታዲያ ዶፓሚኑን ለምን አይሰጡትም? ዶፓሚን ከደም ወደ አንጎል አይሻገርም። ሌቮዶፓ ግን አሚኖ አሲድ ነው፤ ከምግብ ፕሮቲን የምናገኛቸውን ይመስላል። ካፒላሪው አሚኖ አሲዶችን ወደ አንጎል የሚያስገባ አጓጓዥ አለው፤ ሌቮዶፓም በዚያ ተሳፍሮ ይገባል። ከገባ በኋላ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል።

ችግሩ፣ የሚለውጠው ኢንዛይም ከአንጎል ውጭም ሞልቷል። ሌቮዶፓ ብቻውን ሲሰጥ አብዛኛው ገና አንጎል ሳይደርስ ይለወጥና ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ከካርቢዶፓ ጋር አንድ ላይ ይታሸጋል፤ ለምሳሌ 25 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ከ100 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ጋር። ካርቢዶፓ ኢንዛይሙን ያግዳል። የሚገርመው ካርቢዶፓ ራሱ አንጎል አይገባም፤ ደግሞም መግባት የለበትም። ቢገባ ኖሮ አንጎል ውስጥም ያግድና ሥራውን ሁሉ ያበላሸው ነበር። በአንዲት ክኒን ውስጥ እንግዲህ አንዱ እንዲያልፍ፣ ሌላው እንዲቀር ተፈልጓል። ሁለቱም የተፈለገባቸውን ያደርጋሉ።

አላለቀም። ሕመምተኛው ሥጋ ወይም እንቁላል በደንብ በልቶ ክኒኑን ቢውጥ መድኃኒቱ «አልሠራልኝም» ሊል ይችላል። የምግቡ አሚኖ አሲዶችና ሌቮዶፓው አንጀት ላይም ካፒላሪው ላይም ለአንድ አጓጓዥ ይሻማሉ። ሐኪሞች ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ውሰዱ የሚሉት፣ አንዳንዱን ሕመምተኛ ደግሞ ፕሮቲኑን ወደ ማታ አድርገው የሚሉት ለዚህ ነው። መጋፋት ያለው መቀመጫው የተቆጠረ አጓጓዥ ላይ ነው፤ ግንብ ላይ ማን ይጋፋል?

ሌላም ይጨመርበት። ሌቮዶፓ ያስመልሳል። የማስመለስ ስሜትን የሚቆጣጠረው የአንጎል ነጥብ ከአጥሩ ውጭ ካሉት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው፤ ደም ውስጥ መርዝ መኖሩን እንዲቀምስ ካፒላሪዎቹ ክፍት ናቸው። ደም ውስጥ የቀረው ዶፓሚን እዚያ ይደርሳል። ማስታወክን ለማስቆም ሜቶክሎፕራማይድ ብትሰጡት አጥሩን አልፎ ገብቶ ፓርኪንሰኑን ያባብሰዋል። ዶምፔሪዶን ግን ክፍቱን ነጥብ ብቻ ያግዳል፤ ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል ፓምፑ ይመልሰዋል። ስለዚህ ለፓርኪንሰን ሕመምተኛ የሚመረጠው ሁለተኛው ነው። የልብ ምትን ስለሚያዛባ እሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ያ ግን ሌላ ርእስ ነው።

«በሽታ ግንቡን ስለሚያፈርሰው መድኃኒቱ ራሱ ይገባል» ወደሚለው ልለፍ። ይህኛው ሰውን ሊጎዳ የሚችል አባባል ነው።

ግሊዮብላስቶማ የተባለውን የአንጎል ዕጢ እንይ። ሕመምተኛው በኤምአርአይ ሲነሳ ጋዶሊኒየም ያለበት ማቅለሚያ ደሙ ውስጥ ይወጋል። ዕጢው መሃል ላይ ቦግ ብሎ ይታያል። እዚያ ካፒላሪዎቹ ያፈሳሉ፤ እውነት ነው። የቀዶ ሕክምና ባለሙያው የሚያወጣውም በአብዛኛው ይህን ቦግ ያለውን ነው። ግን የዕጢው ሴሎች ከዚያ አልፈው ጤነኛ በሚመስለው አንጎል ውስጥ ሰርገው ገብተዋል። እዚያ አጥሩ ሥራ ላይ ነው፤ ፓምፑም ሥራ ላይ ነው። ዕጢው ተመልሶ የሚያድገው ደግሞ ከእነዚህ ሴሎች ነው። መድኃኒት በቀላሉ የሚደርስበት ቦታና መድኃኒት የሚያስፈልግበት ቦታ ተለያዩ። ለዚህ ዕጢ መደበኛ የሆነው ቴሞዞሎማይድ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት የአጥሩን መፍረስ ሳይጠብቅ መግባቱ ነው። በአንጎል ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው መጠን ደም ውስጥ ካለው 20 በመቶ ገደማ ነው። በ2005 የታተመው ትልቁ ሙከራ ጨረር ላይ እሱ ሲጨመርበት የሕሙማኑን በሕይወት የመቆያ ጊዜ መካከለኛ ከ12.1 ወር ወደ 14.6 ወር ከፍ አድርጎታል። ትንሽ ነው። ግን የተገኘው እንዲህ ነው።

ማጅራት ገትር ለጸሐፊው የተሻለ ምሳሌ ይሆናቸው ነበር። ፔኒሲሊን ጤነኛ ሰው አንጎል ውስጥ እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው የሚገባው፤ ሽፋኑ ሲቆጣ ግን ከበፊቱ በተሻለ ይገባል። ታዲያ ሰውየው እየተሻለው ሲሄድ ቁጣው ይበርዳል፤ መድኃኒቱም የሚገባበት መጠን አብሮ ይቀንሳል። ለዚህ ነው «ተሽሎታል» ተብሎ መጠኑ ቶሎ የማይቀነሰው። የተከፈተው ተመልሶ ይዘጋል። ሳይዘጋ ሲቀር ደግሞ የሚያስደስት ነገር አይደለም፤ ውኃውም አብሮ ገብቶ አንጎል ያብጣል።

የአፍንጫው ጉዳይ ብዙ አያቆየንም። ከአፍንጫ ጣሪያ ወደ አንጎል የሚዘልቁ የማሽተት ነርቮች አሉ፤ በአይጥ ላይ በዚያ በኩል መድኃኒት ሲገባ ታይቷል። ነገር ግን የትልቁ አይጥ የአፍንጫ ሽፋን ግማሽ ያህሉ ለማሽተት የተመደበ ነው፤ የሰው ከ10 በመቶ በታች ነው። በአፍንጫ የተሰጠ ኢንሱሊን የማስታወስ ችግርና አልዛይመር ባለባቸው ሰዎች ላይ ለ12 ወራት ተሞክሮ ውጤቱ በ2020 ሲታተም ጥቅም አላሳየም። ጸሐፊው በአፍንጫ የሚረጨውን የድብርት መድኃኒት ኤስኬታሚንን በማስረጃነት አቅርበዋል። በ2019 ተፈቅዷል፤ ይሠራልም። ግን ከአፍንጫ ወደ ደም ይገባና ከደም ነው ወደ አንጎል የሚሻገረው። ኬታሚን በደም ስር ቢሰጥም ይሻገራል። አፍንጫው ያስቀረው መርፌውን ብቻ ነው።

ናኖ ቅንጣት። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሞቅ ብሏቸዋል። ደም ውስጥ የገባ ናኖ ቅንጣትን መጀመሪያ የሚውጠው ጉበት ነው። በ2018 የተፈቀደው ፓቲሲራን ከስብ በተሠራ ናኖ ቅንጣት ይሰጣል፤ የተሳካለትም የሚፈለገው ቦታ ጉበት ራሱ ስለሆነ ነው። ጉበትን አታልሎ፣ ካፒላሪውን ተሻግሮ፣ ከዚያም ጭነቱን ማራገፍ ሌላ ፈተና ነው። የአይጥ ውጤትም እንዲሁ ዝም ብሎ አይታመንም። በ2016 ኤኤቪ-ፒኤችፒ.ቢ የሚባል ዘረ መል ተሸካሚ ቫይረስ በአይጥ አንጎል ውስጥ ከቀድሞው በ40 እጥፍና ከዚያ በላይ ሲገባ ታየና ጉድ ተባለ። በጦጣ ሲሞከር ያ ነገር የለም። በሌላ የአይጥ ዝርያ እንኳ አልሠራም። በ2019 ምክንያቱ ተገኘ፤ ቫይረሱ የሚይዘው ፕሮቲን በእነዚያ አይጦች ካፒላሪ ላይ ያለ፣ ሰው ግን የሌለው ነበር።

አልትራሳውንዱን በተመለከተ የጸሐፊው ደስታ ያለምክንያት አይደለም። ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ደም ውስጥ ይወጋሉ፤ በራስ ቅል በኩል በአንድ ነጥብ ላይ ያነጣጠረ የድምፅ ሞገድ ይላካል፤ አረፋዎቹ ሲርገበገቡ የካፒላሪው መጋጠሚያ ለጊዜው ይላላል። ኩለርቮ ሂኒነንና ባልደረቦቻቸው በ2001 በጥንቸል አሳዩት። በ2018 ቶሮንቶ ውስጥ በአልዛይመር ሕሙማን ላይ ተሞከረ፤ የተከፈተው በ24 ሰዓት ውስጥ ተዘጋ። በ2024 የታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ አዱካኑማብ ከተባለ አንቲቦዲ ጋር አጣምሮ ሰጠው፤ ሞገዱ ባረፈበት ወገን በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመው አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ክምችት ካላረፈበት ይልቅ በአማካይ 32 በመቶ በበለጠ ቀነሰ። ጥሩ ነው። ግን ተሳታፊዎቹ 3 ነበሩ። ሦስት ሰው ይዞ «ነገሩ አለቀ» አይባልም። የሚከፈተውም የአንጎል ቁራጭ ነው፤ ሲከፈት ደግሞ መድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን ደም ውስጥ ያለ ሌላ ፕሮቲንም ይገባል። ለተወሰነ ዕጢ ሊሆን ይችላል። መላ አንጎልን ለያዘ፣ ዕድሜ ልክ ለሚታከም ሕመም ግን በየጊዜው ማሽን ስር መግባት ከባድ ነው።

ይልቅ ጽሑፉ የዘለለው መንገድ ከሁሉም የበለጠ ተስፋ ይሰጠኛል። አንጎል ብረት ይፈልጋል። ብረት በደም ውስጥ የሚጓዘው ትራንስፈሪን በሚባል ፕሮቲን ተጭኖ ነው። በ1984 የአንጎል ካፒላሪዎች የትራንስፈሪን ተቀባይ እንዳላቸው ታወቀ። ተመራማሪዎች «ይህን ተቀባይ የሚይዝ አንቲቦዲ ሠርተን መድኃኒቱን ብናስርበትስ?» አሉ። ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ አንቲቦዲ ሠሩ። ያ ግን ተቀባዩን አልለቅ ብሎ ካፒላሪው ሴል ውስጥ ይቀርና ሴሉ ያፈርሰዋል። በ2011 ጄኔንቴክ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪዎች ሆን ብለው ላላ አድርጎ የሚይዝ ሠሩ። አንጎል ውስጥ የገባው በለጠ። ይዞ መሻገር ብቻ ሳይሆን ማዶ ሲደርሱ መልቀቅም ያስፈልግ ነበር። ለእኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ከታዩት ሐሳቦች ሁሉ ያማረው ይህ ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥም አልቀረም። በ2021 ጃፓን ለሀንተር ሲንድረም ፓቢናፉስፕ አልፋን ፈቀደች። ሀንተር ሲንድረም አንድ ኢንዛይም ጎድሏቸው የሚወለዱ ልጆች ሕመም ነው። የቀድሞው የኢንዛይም ምትክ ሰውነትን ሲያግዝ አንጎል ጋ አይደርስም ነበር። አዲሱ ኢንዛይሙን የትራንስፈሪን ተቀባይን ከሚይዝ አንቲቦዲ ጋር አጣምሮ በደም ስር ይሰጣል። ምንም የፈረሰ ነገር የለም።

የመጨረሻው ነጥብ አልዛይመር ነው። ጸሐፊው ፈውስ የጠፋው በአጥሩ ምክንያት ነው ይላሉ። ቬሩቤሴስታት የሚባል ክኒን ነበር። ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ አንጎል በደንብ ይገባል። አሚሎይድ የሚያመርተውን ኢንዛይም ያግዳል። መግባቱና መሥራቱ በልኬት ታይቷል፤ በአንጎል ፈሳሽ ውስጥ ያለው አሚሎይድ ከ60 በመቶ በላይ ቀነሰ። ሕሙማኑ ግን አልተሻላቸውም። ሙከራው በ2017 ተቋረጠ። ሕመሙ ገና በጀመራቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር ደግሞ በአንዳንድ መለኪያ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን) ከወሰዱት የባሰባቸው ነበሩ። መድኃኒቱ ከአጥሩ አልፏል። የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው።

በሌላ በኩል ሌካኔማብ አንቲቦዲ ነው፤ በጸሐፊው ሕግ ጨርሶ መግባት የሌለበት። በየሁለት ሳምንቱ በደም ስር በብዛት ይሰጣል፤ ከሺህ አንድ ገደማው ይገባል፤ ያችው ጥቂት ግን አሚሎይዱን ታጸዳለች። በ18 ወራት ውስጥ የሕመሙን ግስጋሴ በ27 በመቶ ቀነሰ፤ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ አገኘ። በአንዳንድ ሰው ላይ ግን አንጎል ያብጣል ወይም ይደማል። የመድኃኒት ኩባንያው ሮሽ አሁን ትሮንቲኔማብ የሚባል ሌላ አንቲቦዲ ይዟል። በትራንስፈሪን ተቀባይ በኩል ይገባል፤ በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች በአነስተኛ መጠን አሚሎይዱን ቶሎ አጽድቷል፤ እብጠቱም ጥቂት ሰው ላይ ነው የታየው። መሻገሩ እንግዲህ ተሳክቷል። ወደ ትልቁ ሙከራ የገባው ግን በመሻገሩ ሊመዘን አይደለም፤ የሚለካው ሰዎቹ ማስታወስና የዕለት ኑሯቸውን መምራት መቻላቸው ነው።